እትዬ ቢሆንስ ያልጠየቀችው ጥያቄ

እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከባሏ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። በምትሰራበት አዳራሽ ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ እትዬ ቢሆንስ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት እዚያ የሚማሩት ልጆች ናቸው፤ ብዙም አልተመራመሩበትም። አፏን በከፈተች ቁጥር የሚወጣው ቃል እሱ ነበርና። መሰላሉ ቢንሸራተትስ? ሚስማሩ ቢወጋውስ? ሴቶቹ ልጆች ሲመሻሽ ብቻቸውን ወደ ቤት ቢሄዱስ? ሊጎበኘን የሚመጣው ሰውዬ ልጆቹን ሳያስፈቅድ ፎቶ ቢያነሳስ? ለማያውቃት ሰው ጨለምተኛ ትመስላለች። እሷ ግን ሳቅ የምትወድ፣ ጨዋታ የሚጥማት ሴት ናት። ብቻ ክፉ ነገር ቤቷ ድረስ መጥቶ በር እስኪያንኳኳ አትጠብቅም፤ መንገድ ላይ ወጥታ ከወዴት ነህ ትለዋለች።

አዳራሹ ድሮ የእንጨት መጋዘን ነበር፤ ዛሬም ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። ሁለት በር አለው። አንደኛው ወደ መንገድ የሚያወጣው ጠባቡ በር ነው። ሁለተኛው በግራ በኩል ወደ ግቢው የሚከፈት ሰፊ የቆርቆሮ በር ነው። ግቢውን የሚጋሯቸው አናጢ ታዲያ ጣውላቸውን እዚህ ሰፊ በር ላይ ማስደገፍ ይወዱ ነበር፤ እትዬ ቢሆንስ ደግሞ ማንሳት። እሳቸው ጠዋት ያስደግፋሉ፣ እሷ ከሰዓት ታነሳለች። አንድም ቀን ሳይጣሉ፣ አንድም ቀን ሳይስማሙ ኖረዋል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከትምህርት ቤት የቀሩ ወጣቶች ቲያትርና ሙዚቃ ይማራሉ። አንዱ የቀረው አባቱ ስለሞተ ነው፣ ሌላዋ የታመመ ሰው ስለምታስታምም፣ ሌላው ደግሞ ከአስተማሪ ጋር ተጣልቶ እልኸኛ ሆኖ ነው። ኪራዩም፣ መብራቱም፣ የአሰልጣኙ ደሞዝም የሚከፈለው አንድ ለጋሽ ድርጅት በሚሰጠው ድጋፍ ነው። ድጋፉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ላይታደስም ይችላል። ድርጅቱ ገንዘብ ሲሰጥ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል፦ ልጆቹ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው መኖር አለበት። እትዬ ቢሆንስ የተቀጠረችው ለዚህ ነው። የስራ መደቧ የስጋት ተቆጣጣሪ ይባላል። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ዕድሜዋን ሙሉ በነጻ ስትሰራው ለኖረችው ስራ ደሞዝ መቁረጣቸው ገርሞት፣ ያለፈውን እኔ ነኝ የምጠይቃቸው አላት።

ከዚያ በፊት ሲኒማ ቤት ነበር የምትሰራው። ባትሪ ይዛ በጨለማ ሰው ታስቀምጣለች። አንድ ምሽት ፊልሙ መሃል መብራት ድርግም አለ፤ አንዱ ሞኝ እሳት ብሎ ጮኸ፤ እሳት ግን አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደገባበት በር ግር አለ። ሌሎቹ በሮች ክፍት ነበሩ፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ያን ዕለት በበሩ መዝጊያና በሰው መሃል የተቀረቀረችው ትንሿ ጣቷ እስከዛሬ አትታጠፍም። የሞተ ሰው የለም። እሷ ግን ያንን ግፊያ ከልቧ ማውጣት አልቻለችም፤ ገና ሰው ሲሰበሰብ ስታይ ዓይኗ በር ይፈልጋል።

ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ቤት ዋለች። ቤት መዋል ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይሆንም። ምድጃውን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ታያለች። ባሏ ከእሳቱ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታስፈሪኝ እስኪላት ደረሰች። አሰልጣኙ ቤቷን አጠያይቆ ይህን ስራ ይዞላት የመጣው ያኔ ነው። ልጅ ሳለ ቲኬት ሳይቆርጥ ሾልኮ ሲገባ ይዛው፣ ከማስወጣት ይልቅ በር አጠገብ ያስቀመጠችው ልጅ መሆኑን ነገራት። እሷ አላስታወሰችውም፤ ያስቀመጠችው ልጅ ብዙ ነው። እሱ ግን አልረሳትም። ለዚህ ሰው ያላት ምስጋና ወሰን የለውም፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ብርድ ቢሆንስ ብላ ሻርፕ ታቀብለዋለች።

ስራ እንደጀመረች መመሪያውን እያነበበች ነበር የምታስረዳው። ልጆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እሷ እሳት ሲነሳ አትሩጡ ስትል አንዱ ያዛጋል፣ ሌላዋ ጥፍሯን ትቀባለች። አንድ ሐሙስ ውሃ ልትጠጣ ወጣ ብላ ስትመለስ ሸምበቆ የሚሉት ቀጭን ረጅም ልጅ ወንበር ላይ የተወችውን ቡናማ ሹራብ ለብሶ፣ መነጽሯን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ አገኘችው። ጣሪያው ቢወድቅስ፣ ወለሉ ቢነሳስ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙስ እያለ ጓደኞቹን በሳቅ ያፈርሳቸዋል። ሲያያት ክው አለ። እሷም ለአፍታ ደሟ ፈላ። ኋላ ልብ ብላ ስታይ ግን ያ ሁሉ ሲያዛጋ የከረመ ልጅ ሸምበቆን አፉን ከፍቶ ነው የሚያዳምጠው።

ሹራቧን አላስወለቀችውም። "በል ቀጥል" አለችው፤ "መብራቱ ቢጠፋስ?"

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ የሚጀመረው ስጋትን በመጫወት ሆነ። አንዱ ቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ እሳት ይሆናል። አንዷ ግራጫ አንሶላ ለብሳ እንደ ጭስ ትሽከረከራለች። አንዱ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነኝ ብሎ የነካውን ሁሉ ያንዘረዝራል። ሸምበቆ ሁልጊዜም እትዬ ቢሆንስ ነው። ሌሎቹ ዝቅ ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በግራው በር መውጣት ይለማመዳሉ። ከጭሷ ጋር ተጋጭቶ የወደቀ ሞተ ይባላል፤ የሞተ ደግሞ ወንበሮቹን ያነሳል። አንድ ቀን በእውነት መብራት ሲጠፋ አንድም ልጅ ሳይጮህ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ሲያገኟቸው አናጢው መዶሻቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። እትዬ ቢሆንስ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አንዱን ወሬ ለባሏ ሁለቴ ነገረችው፤ እሱም ሁለቴም እንዳልሰማ ሆኖ ሰማላት።

በዚህ ሁሉ መሃል ጥሩምባ ነበረች።

ጥሩምባም ቅጽል ስም ነው፤ መናኸሪያ ሳለች የወጣላት ነው። እናቷ ስትታመም ትምህርቷን ትታ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆነች፤ ተሳፋሪ ስትጠራ፣ በር ላይ ስትንጠለጠል አድጋ ነው ወደ አዳራሹ የመጣችው። ጠዋት እዚያ ትጮኻለች፣ ከሰዓት እዚህ ትማራለች። ድምጿ ግድግዳ አይበግረውም። አሰልጣኙ ሹክ ብለሽ ተናገሪ ይላታል፤ እሷም ከልቧ ትሞክራለች፤ ፍቅረኛዋን አትሂድብኝ ብላ ስትለምን ግን የመጨረሻው አውቶቡስ ሊወጣ ነው የምትል ይመስላል። ጎረቤት ሁለት ሦስቴ በር አንኳኩቶ ጠብ አለ ወይ ብሏል። እሷ ግን የሚስቁባትን ሁሉ አብራ ስቃ ትቀጥላለች። ቀድማ ትመጣለች፣ ቆይታ ትወጣለች።

አንድ ቀን ወለሉን አብረው ሲጠርጉ ለእትዬ ቢሆንስ አንድ ነገር ነገረቻት። "እትዬ፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ የምጮኸው ሌላ ሰው እንዲሄድ ነው" አለቻት። "እዚህ ስመጣ ነው እኔም የሄድኩ የሚመስለኝ።"

እትዬ ቢሆንስ አንጀቷን በላት። ጠርጋ የጨረሰችውን ወለል እንደገና መጥረግ ጀመረች።

የለጋሹ ድርጅት ተወካይ ወጣት ሴት ናት፤ ጨዋና ጠያቂ። መጥታ የማትገባበት ክፍል፣ የማታነሳው ክዳን የለም፤ እትዬ ቢሆንስ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ነፍሷ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አዳራሹን እየዞሩ በጥያቄ ይጫወታሉ። አንድ ሐሙስ ተወካይዋ የስጋት ጨዋታውን አየች። ሸምበቆ በሹራቡና በመነጽሩ ብቅ ሲል ሳቋ አላስቆም ብሏት ዓይኗን ጠረገች። ከዚያም አንድ ሐሳብ አቀረበች፦ የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት በዚህ ጨዋታ ቢጀምር ምን ይመስላችኋል? የመጪውን ዓመት ድጋፍ የሚወስኑት ሰዎች እንግዳ ሆነው ይመጣሉና ይህን ቢያዩ ብዙ ይረዱታል። አሰልጣኙ ደስ አለው። ልጆቹ ዘለሉ። እትዬ ቢሆንስ ደስታዋ ከሁሉ በለጠ፤ ያለወትሮዋ ምንም ሳትጠይቅ እሺ አለች።

ጥያቄዋን ሁሉ ያጠራቀመችው ለጥሩምባ ነበር። ልጅቷ እንግዶቹ ፊት ሹክ በሚባልበት ቦታ ብትጮህስ? ሰው ቢስቅባትስ? እነዚያ ሰዎች እነዚህ ልጆች ምንም አልተማሩም ብለው ቢሄዱስ? አሰልጣኙ ያመነታ ነበር፤ ሐሳቡን ያስቆረጠችው እሷ ናት። ጥሩምባ ከመድረኩ ትውጣና በመንገዱ በር በኩል ቆማ ሰው ትቀበል ተባለ። ነገሩን የመንገር ዕዳም ለእሷ ደረሰ።

"ልጄ" አለቻት፣ ትከሻዋን ይዛ፤ "የትርኢቱ ዕለት አንቺ በር ላይ ብትሆኚልን ብለን ነው። ሰው ትጠሪያለሽ፣ ታስገቢያለሽ። ካንቺ የተሻለ የለም።"

ጥሩምባ ትከሻዋን ከእጇ አላቀቀች። ከዚያ አሰልጣኙ ዓመቱን ሙሉ ሲለምናት የነበረው ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ። "ወደ ስራዬ መለሳችሁኝ ማለት ነው?" አለች።

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የዚያን ዕለት በር ላይ እንደምትቆም ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ ግን አልመጣም አለች። ስራው ያው ከሆነ መናኸሪያው ይሻለኛል፣ እዚያ ቢያንስ በድምፄ አያፍሩብኝም ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እትዬ ቢሆንስ ራት አልበላ አላት። ባሏ ምን እንደሆነች ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ስንት ዘመን መሪ ጨብጬ ኖርኩ" አላት፤ "እኔን አይቶ የተሳፈረ ሰው አላውቅም። ሰው የሚሰማው ረዳቱን ነው። ልጅቷን በር ላይ ማቆማችሁ ክፋት የለውም። ክፋቱ እንዳፈራችሁባት ማወቋ ነው።"

እውነቱን ነው። እሷም ታውቀዋለች። ነገ አነጋግራታለሁ አለች፤ ነገም ነገ አነጋግራታለሁ አለች። መጋረጃ መስቀል ነበር፣ ወንበር መከራየት ነበር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የትርኢቱ ቀን ደረሰ።

የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። እሳት ማጥፊያውን አየች፣ የአሸዋውን ባልዲ አየች፣ የመሰላሉን እግር አየች። ወደ ግራው በር ስትሄድ አናጢው ጣውላቸውን ሳይጠየቁ አንስተው፣ ግቢውን ጠርገው፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሰው ቀድመው ተቀምጠዋል። በመንገዱ በር በኩል ጥሩምባ ስራዋን ይዛለች። ወደ ቤቱ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይገባል። አዳራሹ ጢም አለ። ባሏ መሃል ወንበር ላይ፣ እንግዶቹ ከተወካይዋ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ሰው ሲበዛ ሙቀቱ አየለ። ተወካይዋ በወረቀት ስታራግብ እትዬ ቢሆንስ አየቻት። እንግዶቹ ሞቋቸው ቢወጡስ? ፈጠን ብላ ከቢሮ የአየር ማራገቢያውን አምጥታ መድረኩ ጥግ አቆመችው። ገመዱን ከመጋረጃው ጀርባ፣ የመድረኩ መብራትና የድምፅ ማጉያው በተሰኩበት ያረጀ ማከፋፈያ ላይ ሰካችው። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ትመታው ነበር። ማራገቢያው ዞረ፤ ተወካይዋም ቀና ብላ በፈገግታ አመሰገነቻት።

ትርኢቱ ተጀመረ። እሳቱ በቀይ ጨርቁ ሲዘል፣ ሽቦው ጓደኞቹን ሲያንዘረዝር፣ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሸምበቆ የእሷን የሚመስል ቡናማ ሹራብ ለብሶ፣ የእሷን የሚመስል መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ብቅ አለና እጆቹን ዘርግቶ "እባካችሁ ውጡ፣ የእውነት እሳት ነው!" ሲል ደግሞ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እትዬ ቢሆንስ በደስታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሁሉም ነገር ባለቤት የሆነች ያህል ተሰማት።

ቀጣዩ ትዕይንት ገና ሲጀምር የላስቲክ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ዞር ስትል የመጋረጃው ግርጌ ይጨሳል። ጭስ ሆና የተጫወተችው ልጅ እውነተኛውን ጭስ ቀድማ አየችና እሳት ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ፤ ደገሙት አለ አንዱ። ልጆቹ እንደተለማመዱት ዝቅ ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መውጣት ጀመሩ። አወጣጣቸው በጣም ያምር ስለነበር ሰው በእግራቸው ምት አጨበጨበላቸው። አሰልጣኙ እሳት ማጥፊያ ይዞ ሲሮጥም አጨበጨበ።

እትዬ ቢሆንስ በሕይወቷ መድረክ ወጥታ አታውቅም። ያን ዕለት ወጣች። ቡናማ ሹራቧን እንደለበሰች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ፣ እጆቿን ዘርግታ "እባካችሁ ውጡ፣ የእውነት እሳት ነው" አለች። ከሸምበቆ ቃል አንዲት አላጎደለችም፣ አንዲት አልጨመረችም።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። "ዋናዋ መጣች!" አለ ከኋላ አንዱ፤ ተወካይዋ ሆዷን ይዛ ወደ እንግዶቹ ዘንበል ብላ የሆነ ነገር ትነግራቸዋለች፣ ምናልባትም ይህቺ እውነተኛዋ ናት እያለች። ጭሱ ከመጋረጃው አልፎ ጣሪያው ስር መጠቅለል ጀምሯል። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።

ያኔ ነው የገባት። በዚያ ሁሉ ዘመን ያልጠየቀችው አንዲት ጥያቄ ቀርታለች፦ ሰዉን በእሳት ማሳቅ አስተምረነው ስናበቃ እውነተኛው ቢመጣስ? በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ ስታይ በመንገዱ በር በኩል ጥሩምባ በእግሯ ጣቶች ቆማ ወደ መድረኩ ትመለከታለች። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። እትዬ ቢሆንስ ብትጮህ የሚያምናት የለም፤ እጇን አንስታ የግራውን በር ብቻ አመለከተች። ጥሩምባ የእጅ ምልክት ማንበብ የምትሳሳት ልጅ አይደለችም። ወንበር ላይ ዘላ ወጣች።

"በግራ በር! በግራ በር! ቦታ አለ፣ ቦታ አለ! የፊት ወንበር በግራ በር፣ የኋላ ወንበር ወደ እኔ! ቶሎ ቶሎ፣ ሳይሞላ! አትጋፉ፣ ሁሉም ይሳፈራል!"

ድምጿ ሳቁን ለሁለት ሰነጠቀው። መጀመሪያ የተነሳው ባሏ ነው፤ ያ ጥሪ ሲሰማ ሞተር እያስነሳ ያረጀ ሰው ነውና እግሩ ሳያስበው አነሳው። ከእሱ ቀጥሎ አናጢው ተነሱ። ከዚያ ሁሉም። ዕድሜውን በተሳፋሪነት ያሳለፈ ሕዝብ ነው፤ ቦታ አለ ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ቦርሳውን ያቅፋል፣ ልጁን ይጎትታል፣ ይሄዳል። እንግዶቹም ሄዱ። ተወካይዋ ጫማዋን በአንድ እጇ ይዛ ሄደች። ጥሩምባ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ እያለች፣ የሚጋፋውን ስትገስጽ፣ አሮጊቷን ቅድሚያ ስታሰጥ፣ አዳራሹ ተሳፋሪው እንደወረደለት አውቶቡስ ባዶ ሆነ። አንድ አዛውንት በሩ ጋ ሲደርሱ ሂሳቡን ውስጥ ነው የምንከፍለው ብለው ጠየቋት አሉ።

አሰልጣኙና ሸምበቆ እሳቱን አጠፉት። ግማሽ መጋረጃ ነደደ፣ ማራገቢያው ቀለጠ፣ ግድግዳው ጠቆረ። የተጎዳ ሰው ግን የለም፤ አንድ ባርኔጣ ብቻ ጠፋ፣ እሱም ኋላ ተገኘ። እትዬ ቢሆንስ ግቢው መሃል ቆማ ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ እያየች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የፍርሃት ልቅሶ አልነበረም። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ሁሉም ይተነፍሱ ነበር፤ ለዚህ ምስጋና የሚበቃ ቃል ስላጣች ነው ያለቀሰችው።

ተወካይዋ ስትቀርባት ምንም አልደበቀችም። ማራገቢያውን የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ሰዉ በእሳት እንዲስቅ ያደረግነውም እኛ ነን አለቻት። ተወካይዋ ጨዋታው መጀመሪያ ላይ ይሁን ያልኩትስ እኔ አይደለሁም ወይ ብላ ክንዷን ያዘቻት። ይህ ሁሉ ለድርጅቱ መነገር እንዳለበት ሁለቱም ያውቁ ነበር። ቀጥላም ያቺ ልጅ ማን ናት ብላ ጠየቀች።

"ያፈርንባት ናት" አለች እትዬ ቢሆንስ። ዞር ብላ ብትፈልጋት ጥሩምባ የለችም። ቃሏን ፈጽማ ሄዳለች።

በማግስቱ እትዬ ቢሆንስ መናኸሪያ ወረደች። በአውቶቡሶች መሃል እየተሽሎከሎከች ድምጿን ተከትላ አገኘቻት። ብዙ ነገር ልትላት አስባ ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው። "አመሰግንሻለሁ" አለቻት፤ "ይቅርታም አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

ጥሩምባ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለች አየቻት። "እሳት ብል ይስቁ ነበር" አለች፣ ስለዚያ ብቻ የተጠየቀች ይመስል። "ቦታ አለ ሲባል የሚስቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።"

እትዬ ቢሆንስ ሐሙስ እንድትመጣ ለመነቻት። ሹክ የሚል ሰው ሞልቶናል፣ አንቺ በራስሽ ድምፅ የምትጫወቺው ይጻፍልሻል፤ አሰልጣኙ ጀምሮታል አለቻት። ጥሩምባ መልስ ሳትሰጥ ሞተሩ ተነሳ። "እትዬ፣ መንገድ ላይ አትቁሚ" አለቻት፤ "ቢገጭሽስ?" አውቶቡሱም ይዟት ሄደ።

ድጋፉ ኋላ ታድሷል። ድርጅቱ ሁለት ነገር አስጠነቀቀ፤ ገመዱ ሁሉ እንዲቀየርና ከእንግዲህ ተመልካች ፊት በእሳት እንዳይቀለድ። ሁለቱም ልክ ነበር። ያን ሐሙስ ግን እትዬ ቢሆንስ ስለድጋፉ አንዳች አላሰበችም። ከሰዓት ጀምራ በመንገዱ በር ቆማ ነበር። ልጆቹ መጥተው ክብ ሰርተው ተቀምጠዋል፤ የጠቆረው ግድግዳ ገና አልተቀባም፤ አሰልጣኙ እንጀምር ወይ እያለ በዓይኑ ይጠይቃታል። ትንሽ እንጠብቅ ትላለች። ባትመጣስ የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ማውጣት ፈራች።

ከታች፣ ከመንገዱ መታጠፊያ፣ መጀመሪያ ድምፁ መጣ።

"ለአዳራሹ! ለአዳራሹ! ቦታ አለ!"

አናጢው መዶሻቸውን አቆሙ። ጥሩምባ መታጠፊያውን አልፋ ብቅ አለች፤ ብቻዋን አይደለችም። ከኋላዋ የመናኸሪያ ልጆች ይከተሏታል፤ ጫማ የሚጠርገው፣ ማስቲካ የሚያዞረው፣ የአውቶቡስ መስኮት የምታጥበው፣ ሌሎችም። አንዳንዶቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቁም አይመስሉም፤ ስለተጠሩ ብቻ መጥተዋል።

እትዬ ቢሆንስ እንባዋን በሹራቧ እጀታ ጠረገች። ልታመሰግናት ፈልጋ ነበር፤ አመል ሆኖባት ያወጣችው ግን ሌላ ነው።

"ወንበሩ ባይበቃስ?"

"ጠጋ ጠጋ ማለት ነዋ፣ እትዬ" አለች ጥሩምባ።

እሷም ከበሩ ጠጋ አለችላቸው።